የአርብ ዓሣ

ፍቅር ዓይን የለውም ይባላል። ይሁን፣ አልከራከርም። መካነ ሰላም ውስጥ ግን ሰፈሩ ዓይን አለው፤ ያውም የማያንቀላፋ። በዚህ ሁሉ ዓይን መካከል የመርጌታ ወልደ ሚካኤል ልጅ ዲያቆን ኒቆዲሞስና ከጂዳ የተመለሰችው የሼህ አሕመዲን ልጅ ፈርሂያ ከክረምት እስከ ክረምት ተዋደው መክረማቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ብልጠት ነበራቸው እንዳትሉ። ሁለቱም ገና ሲተያዩ ጆሯቸው የሚቀላ ልጆች ናቸው። የሸፈነላቸው ዓሣ ነው።

ከከተማው ዳር፣ መናፈሻው ውስጥ አንዲት ውሃ አለች። ሰሌዳው ላይ «ሐይቅ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሰዉ ግን ኩሬ ነው የሚላት፤ ጎረምሳ ድንጋይ ቢወረውር ማዶ ያርፋል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጫጩቱ በጀሪካን መጥቶ ሲለቀቅባት ያልሳቀ አልነበረም። «ደግሞ የውሃ ትል ልንበላ ነው?» ያሉት ሁሉ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰልፈው ይበላሉ። የምትጠብሰው ፈርሂያ ናት። ጂዳ በሰው ኩሽና ዓሣ ስትፍቅና ስትጠብስ የኖረች ስለሆነች እጇ ዓሣ ያውቃል። ስትመለስ ቤት ቁጭ በይ ቢሏት እምቢ ብላ ወንዶቹ ብቻ የነበሩበት የአጥማጆች ማኅበር ገባች። ዘንጓን ይዛ ደንገሉ ሥር ስትቀመጥ መንገደኛ ቆሞ ያያት ነበር፤ «የዓሣዋ ልጅ» የሚለው ስም የወጣላትም ያኔ ነው።

ኒቆዲሞስ እዚያው አካባቢ ካለ ትምህርት ቤት ያስተምራል። እሁድ እሁድ ደግሞ ከአባቱ ደብር በድቁና ያገለግላል። መጀመሪያ የመጣው እንደ ሰዉ ሊስቅ ነበር። ከተጠበሰው ቀምሶ፣ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። ሳቁን ረሳው።

ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ያለቅሳል፣ አብሮ ይድራል፣ አብሮ ዝናብ ይለምናል። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ይለያያል። የሙስሊሙን ቢላዋ ክርስቲያኑ አይበላም፤ የክርስቲያኑን ሙስሊሙ አይነካም። ሰርግ ሲኖር ድስቱ ሁለት ነው። ዓሣን ግን ማንም ባርኮ አያርደውም። ከውሃ ወጥቶ በራሱ ጊዜ ይሞታል፤ የማን ቢላዋ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናም ዲያቆኑና የሼሁ ልጅ ከአንድ ሳህን ሲበሉ ያየ ሁሉ ደንበኛና ሻጭ ያየ ይመስለዋል። ጣቶቻቸው ሳህኑ ላይ ሲነካኩ ማን ያያል?

አርብ ቀን የምሳ ሰዓት ለጁምዓ ሲባል ይረዝማል። ወንዱ መስጊድ ሲሄድ ኩሬው ዳር ጭር ይላል። ኒቆዲሞስ ለመጀመሪያ ጊዜ አርብ ቀን ብቅ ሲል ፈርሂያ መጥበሻውን አልጣደችም ነበር።

«ዛሬ አርብ አይደል እንዴ? እናንተ ትጾማላችሁ» አለችው።

እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገር ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር። «አዎ፣ ጾመኛ ነኝ፤ ዝም ብዬ አጠገብሽ ልቀመጥ» ቢላት ምን ነበረበት? ግን ሳይበላ ሴት አጠገብ የሚቀመጥ ዲያቆን ለሰፈሩ ወሬ ነው። ለመቀመጥ መብላት ነበረበት።

«ዓሣ ጾም ነው» አላት። «እኛ ቤት ዓሣ ሥጋ አይባልም።»

እንዲህ የሚል ክርስቲያን በየከተማው ሞልቷል፤ እሷም ሰምታ ስለነበር አመነችው። ቤቱ ግን የመርጌታ ወልደ ሚካኤል ቤት ነው። እሳቸው ዘንድ በጾም ቀን ከየብስም ከውሃም ነፍስ የነበረው ነገር አይቀመስም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊትም እህል አይቀርብም። ኒቆዲሞስ ይህን እያወቀ አርብ አርብ እየበላ፣ እጁን በሎሚ እያሸ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እሁድ ደግሞ መቅደስ ይገባል።

ደብዳቤም ይጽፍላት ነበር። በዚህ ዘመን ደብዳቤ! ስልኳን ታናናሾቿ ስለሚነካኩት ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት ባመጣው በዚያ ባማረ ጽሕፈት፣ አንዴ እንዲህ አላት፤ «ሰው በተሰበሰበበት ስለ አንቺ የምናገርበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን አንገቴን አልደፋም።» ፈርሂያ ወረቀቷን አጣጥፋ ሻርፗ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት። ዓሣ ስትፍቅም፣ ስትሰግድም አብራት ነበረች። ደስታ ማለት ለእሷ ያቺ ቋጠሮ ነበረች።

*

የተሰበሰበ ሰው የሚኖርበት ቀን መጣ። ኒቆዲሞስ ጋሽ አለኸኝን፣ አገር ያስታረቁትን ሽማግሌ፣ ወደ አባቱ ላከ። ድቁናውን ሊተው፣ በማዘጋጃ ቤት ሊያገባት መወሰኑን ጋሽ አለኸኝ ለመርጌታ ሲነግሯቸው፣ መርጌታ ብዙ ቀን ጸለዩበት። በመጨረሻ ግን ሁሉንም የሚያስገርም ነገር ተናገሩ።

«ልጅቷን ልያት። አብሬያት ልቁረስ። ከዚያ የምለውን እላለሁ።»

ሼህ አሕመዲንም «መርጌታ አብሮ ሊቆርስ ከመጣ እኔ ማን ነኝና ነው የምቀረው?» አሉ። ቦታው የማንም ቤት ያልሆነው ኩሬው ዳር እንዲሆን ተስማሙ። ቀኑን የመረጡት መርጌታ ነበሩ።

«አርብ ይሁን» አሉ። «አርብ ሥጋ የለም፤ የማን ቢላዋ የሚባል ጣጣ አይነሳም። እኔ እስከ ዘጠኝ እውላለሁ፤ ሼሁም ከጁምዓ ይመለሳሉ። ሽሯችንን ከአንድ ትሪ እንበላለን።»

ይህን ሁሉ ያሰቡት እሷን ላለማሳፈር ነበር። ጋሽ አለኸኝ ለፈርሂያ ሲያደርሱላት ግን አሳጠሩት፤ «አርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ የጾም ነገር አዘጋጂ» አሏት። የጾም ነገር! ፈርሂያ ልቧ ዘለለ። የጾም ነገር ከተባለ ከእሷ ወዲያ ማን ያውቃል?

አርብ ጠዋት ጉም ኩሬውን ሸፍኖት ነበር። ፈርሂያ ጃኬቷን ደርባ ደንገሉ ሥር ተቀመጠች። መንጠቆው ላይ የዳቦ ሊጥ አድቦልቡላ ሰካችና ወረወረች። ትንንሾቹ ቶሎ ቶሎ መጡ፤ እያላቀቀች መለሰቻቸው። «ሂዱ፣ ዛሬ እናንተን አይደለም» ትላቸው ነበር። ለመርጌታ የሚሆነው ትልቅ መሆን አለበት። የትልቁ አጥንት ወፍራም ነው፣ በጣት ይለቀማል። የትንሹ አጥንት እንደ ፀጉር ነው፤ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ጉሮሮ ላይ ቢቆምስ?

ፀሐይ ጉሙን ስትገፋው ገመዱ ተወጠረ። ሳበችው፤ ሳባት። ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ።

«ያረቢ፣ ይቺን ስጠኝ፤ ሌላ አልለምንህም!» አለች ጮክ ብላ።

ተሰጣት። ከክንዷ የሚረዝም ቆሮሶ ሣሩ ላይ ተንፈራገጠ። አንዳንድ ጊዜ ክፉው ነገር የለመኑትን ማግኘት ነው፤ እሷ ግን ያን ጊዜ ይህን አላወቀችም፤ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ቅርፊቱን ፍቃ፣ ሆዱን አጽድታ፣ በጨውና በሎሚ ለውሳ ጠበሰችው። ከዚያ ተቀምጣ አጥንቱን መልቀም ጀመረች። ጣቷ እየተቃጠለ፣ እየዳሰሰች፣ የጠረጠረችውን መልሳ እየፈተሸች ለቀመችው። አባቷ ለጁምዓ ሲወጡ አጠገቧ ቆሙ።

«ፈርሂያ፣ ዛሬ መርጌታ ጾመኛ ናቸው። ይሄ ይበላል?»

«አውቃለሁ አባ። አብሽር።»

ሼሁ ልጃቸውን አመኑ። ከጂዳ ከተመለሰች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይተዋት ስለማያውቁ ሌላ ነገር መጠየቅ አልፈለጉም።

*

መርጌታ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው የልጃቸውን ክንድ ይዘው መጡ። ሼህ አሕመዲን ተነስተው ተቀበሏቸው።

«አሰላሙ አለይኩም መርጌታ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ጁምዓ እንዴት ነበር ሼህ አሕመዲን?»

«አልሐምዱሊላህ። ለእርስዎም ዱዓ አድርገናል።»

«እኔም ሳልጸልይልዎ አልመጣሁ» አሉ መርጌታ፤ ሁለቱም ሳቁ። ጋሽ አለኸኝ በደስታ እጃቸውን አሻሹ። ከኩሬው ማዶ የሚዝናኑት ሰዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን አሰገጉ።

ፈርሂያ ውሃ አስታጠበች። ኒቆዲሞስ ጋ ስትደርስ ቀና አላለችም፤ እሱም ቀና አላለም፤ ውሃው ግን ከጣቱ አልፎ ጫማው ላይ ፈሰሰ። ትሪው ቀረበ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። መሐሉ ላይ የተከደነ ሳህን አለ። መርጌታ ጸሎት አድርሰው አማተቡ፤ ሼሁ ቢስሚላህ አሉ። ፈርሂያ ክዳኑን አነሳች።

ኒቆዲሞስ አየ። መጀመሪያ ያየው እሱ ነው። በዚያች ቅጽበት «አባባ፣ ቆይ» የሚል አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አሁን እናገራለሁ» አለ በልቡ። «በሰው ፊት እንዴት ላሳፍራት» አለ ቀጥሎ። እውነቱን ንገር ካላችሁኝ ያሰበው ስለ እሷ እፍረት አልነበረም። «ማን አስተማራት?» የሚለው ጥያቄ ነው ያስፈራው። እሱ ይህን እያሰበ ሳለ ፈርሂያ አጥንት የሌለውን ዓሣ በእንጀራ ጠቀለለች፤ ሽሮ አስነካችው፤ ተንበርክካ ወደ ሽማግሌው አፍ ዘረጋችው።

«መርጌታ፣ አፉ ይበሉኝ፤ ከእጄ ይቅመሱልኝ።»

እጇ ፊታቸው ሲደርስ መርጌታ ጥቂት ቆዩ። በሚያጨናብሰው ዓይናቸው ወደ ልጅቷ አዩ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ጎረሱ።

«እጅሽ ይባረክ ልጄ» አሉ እያኘኩ።

ፈርሂያ ዓይኗ እንባ ሞላ። አባቷን አየች፤ ኒቆዲሞስን አየች። በዚህ ምድር ላይ ያለሽን ሁሉ ስጪ ብትባል ያን ጊዜ ትሰጥ ነበር።

ጋሽ አለኸኝ ከሳህኑ ቆረሱ። ወደ አፋቸው ሲያደርሱ ቆሙ። አሸተቱት።

«ኧረ በማርያም! ይሄ ዓሣ ነው እኮ! በአርብ! መርጌታን አስገደፈቻቸው!»

ሽማግሌ ሲያረጅ ልሳኑ አይያዝም። ቃሉ ኩሬውን ተሻግሮ ማዶ ደረሰ። እዚያ የነበሩት ተነስተው ቆሙ። ፈርሂያ እጇ ላይ የቀረውን እንጀራ ይዛ፣ ምን እንደተባለ ያልሰማች ይመስል፣ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ታያለች።

«ዓሣ እኮ...» አለች። «ዓሣ ጾም ነው።»

ሼህ አሕመዲን ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ጠይቄሽ ነበር እኮ» አሉ። «አውቃለሁ አላልሽኝም?»

መርጌታ የጎረሱትን ውጠዋል። ውሃ ጠጡ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ተማሪን ቅኔ እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ «ልጄ» አሉ፤ «ዓሣ ጾም ነው ብሎ ያስተማረሽ ማነው?»

ፈርሂያ ቀስ ብላ ኒቆዲሞስን አየችው። ፍርሃት አልነበረባትም። እፎይ ያለች ትመስል ነበር፤ ጥያቄው መልስ አለው፣ መልሱም አጠገቧ ተቀምጧል። ደብዳቤዋ ሻርፗ ጫፍ ላይ ነበረች። ሰውም ተሰብስቧል።

ኒቆዲሞስ አንገቱን ደፋ።

«አርብ ጾም እንደሆነ...» አለ፤ ድምፁ ሰለለ። «ነግሬያታለሁ።»

ልብ በሉልኝ፤ ይህ ውሸት አይደለም። አርብ ጾም መሆኑን ነግሯታል። ፈርሂያ ግን ከዚህ የከፋ ውሸት ሰምታ አታውቅም። አፏን ከፈተች። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር፤ «አርብ አርብ ከኔ ጋር ሲበላ ነበር» ብትል ነፃ ትወጣለች፣ እሱም ክብሩን፣ አባቱን፣ ሰፈሩን በአንድ ጊዜ ያጣል። የደፋውን አንገቱን አየችው። ሳሳችለት። አፏን መልሳ ዘጋች።

ያኔ ሼህ አሕመዲን ተነሱ። በዕድሜያቸው ለማንም አንገታቸውን ሰብረው የማያውቁት ሰው ከኩሬው ዳር ድንጋይ አነሱና ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው መርጌታ ፊት ተንበረከኩ።

«አፉ ይበሉኝ መርጌታ። ልጄ ጾምዎን ቀልዳበታለች። በወጉ ያላሳደግኳት እኔ ነኝ።»

«አባ!» ብላ ጮኸች ፈርሂያ።

«ዝም በይ!» አሉ፤ ድንጋዩ ሥር ሆነው። «ወላሂ ጂዳ ለሰው ስታገለግይም እንዲህ አልተዋረድኩም!»

መርጌታ ተነስተው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አወረዱ። «ኧረ በአላህ! ሼህ አሕመዲን፣ ኧረ በአላህ! አልተቀየምኩም። እኔና እርስዎ ትናንት እንደነበርነው ነን» አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ከዚያ መርጌታ መቋሚያቸውን አንስተው ሁሉም እየሰማ ተናገሩ።

«የልጆቹ ነገር ግን ይቅር። ይህ ጋብቻ አይሆንም።»

ማዶ የቆሙት ከንፈራቸውን መጠጡ። ፈርሂያ እጅ ላይ የነበረው እንጀራ ወደቀ፤ እሷም ጎንበስ ብላ አነሳችውና አቧራውን አራገፈችው። እንጀራ መሬት ላይ አይተውም።

*

ኒቆዲሞስ የአባቱን ክንድ ሊይዝ ሲጠጋ መርጌታ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጅቷ በሩ ድረስ ትሸኘኝ» አሉ። ሁሉም ለብቻዋ ሊቆጧት መሰለው። ሼህ አሕመዲንም የአሱር ሶላት ደርሷል ብለው፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወጡ።

ፈርሂያ ክንዳቸውን ይዛ በአበባዎቹ መካከል ባለው መንገድ ወሰደቻቸው። ሸምበቆ የመሰለ ክንድ ነው። መናገር ያለባት እሷ ስለመሰላት ቀድማ ጀመረች።

«መርጌታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያስተማረኝ የለም። ከራሴ ነው።»

መርጌታ ቆሙ።

«የደከመው ዓይኔ ነው ልጄ» አሉ። «አፍንጫዬ ደህና ነው።»

«እንዴት?»

«ጉርሻሽ አፌ ሳይደርስ ነው ዓሣ መሆኑን ያወቅሁት። በአባትሽ ፊት እጅሽን ከምመልስ ጾሜን ብሽር ይሻለኛል አልኩ። ለኔ ንስሐ አለልኝ። አንቺን ካሳፈርኩሽ በኋላ ግን በምን እመልሰዋለሁ? አለኸኝ አፉን ቢይዝ ኖሮ ማንም ሳያውቅ እሄድ ነበር።»

ፈርሂያ ዞራ ፊታቸው ቆመች።

«ታዲያ... ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«የጠየቅሁት አንቺን አይደለም» አሉ መርጌታ። «ልጄ አርብ አርብ እጁ ሎሚ ይሸታል፤ ከሎሚው ሥር ዓሣ። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ጠበቅሁት። ረሃብ ነው ቢለኝ፣ ፍቅር ነው ቢለኝ፣ እኔም ወጣት ነበርኩ። የአያቴ ስም ዘሃራ እንደነበር ነግሮሻል? አልነገረሽም። ዛሬ የመጣሁት በራፌን ላልዘጋባችሁ ወስኜ ነው። ‹አባባ፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ› ቢል ኖሮ እዚያው እጅሽን በእጁ አስይዤ እሄድ ነበር።»

ነፋስ ከኩሬው በኩል የዘይት ሽታ አመጣ። መርጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አስተካከሉ።

«ልጄ ነው፤ እወደዋለሁ» አሉ። «ግን አንቺ ስትዋረጂ አንገቱን ለደፋ ሰው፣ የሰው ልጅ አልሰጥም። ነገም ይደፋል። አላህ የተሻለ ይስጥሽ።»

ትከሻዋን መታ መታ አድርገው በሩ ላይ ለሚጠብቋቸው ለጋሽ አለኸኝ እጃቸውን ሰጡና ወጡ። ፈርሂያ በሩ ላይ ቀረች። ይህን ከምሰማ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር አለች በልቧ፤ በእርግማን ውስጥ ቢያንስ ኒቆዲሞስ የእሷ ሆኖ ይቀር ነበር።

*

ስትመለስ እዚያው ደንገሉ ጋ ቆሞ አገኘችው። ማዶ የነበሩት ሰዎች አልሄዱም፤ ተቀምጠው የሚያዩትን እየጠበቁ ነበር። ትሪው እንዳለ ነው።

«ፈርሂያ» አላት። «ፈርሂያዬ። አባቴን ታውቂያቸዋለሽ። እኔ ነኝ ብል ኖሮ እዚያው ይሞቱብኝ ነበር።»

«አባቴስ?» አለችው። «ድንጋይ ሲሸከም የት ነበርክ?»

«ይበርዳል። ጊዜ ያልፋል። አንቺ እኮ ሙስሊም ነሽ፤ አላወቀችም ብለው ይቅር ይሉሻል። እኔን ግን በምን ይቅር ይሉኛል? አርብ እየበላሁ እሁድ መቅደስ ስገባ የኖርኩ ሰው ነኝ። ገባሽ? ያንቺ ጥፋት ይረሳል፤ የኔ አይረሳም።»

ገባት። እስካሁን ያልገባት ነገር ሁሉ አሁን ገባት። ይህን ሰው የወደደችው ሰው በሌለበት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ሰው ሲኖር ምን እንደሚመስል አይታ አታውቅም ነበር።

«ደሴ እንሂድ» ቀጠለ፤ እንባው እየወረደ። «ከዚያም ከፈለግሽ አዲስ አበባ። ማንም በማያውቀን ቦታ እወድሻለሁ፤ እስክሞት እወድሻለሁ። ምን አሉሽ? አባቴ በሩ ላይ ምን አሉሽ?»

ፈርሂያ ትሪው ጋ ቁጭ አለች። ከሳህኑ ውስጥ ካለው የቀዘቀዘ ዓሣ አነሳች፤ እንጀራ ቆርሳ ጠቀለለችው፤ ተነስታ ፊቱ ቆመች። ጉርሻውን ዘረጋች።

«መጀመሪያ ይህን ጉረስ» አለችው። «ከዚያ እነግርሃለሁ።»

እንዳትሳሳቱ፤ ስትቀልድ አልነበረም። መርጌታ ገና ሩቅ አልሄዱም። ቢጎርስላት፣ እዚያ፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት አፉን ቢከፍትላት፣ ጫማዋን አውልቃ ሮጣ «መርጌታ፣ ይመለሱ! ጎረሰልኝ!» ልትላቸው ነበር። ድንጋዩንም፣ የአባቷንም ቃል፣ ሁሉንም ልትረሳለት ነበር።

«ዓሣ ጾም ነው ብለኸኝ የለ?» አለች በለሆሳስ። «ጉረስ፣ ኒቆ። በአላህ ብዬሃለሁ ጉረስልኝ።»

ኒቆዲሞስ ጉርሻውን አየ። እሷን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሊከፈት ነው ብላ ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ዓይኑ ከእሷ ላይ ተነስቶ ውሃውን ተሻግሮ ማዶ ሄደ፤ ማን እንዳለ ቆጠረ፤ ተመለሰ።

«ሰው ያያል» አላት።

የፈርሂያ እጅ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ልትደብቅለት አስባ የነበረውን ሁሉ ያኔ ነገረችው። አልጮኸችም። የአባቱን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ከሎሚው ሽታ ጀምራ እስከ መጨረሻው ነገረችው። «እጅሽን በእጁ አስይዤ እሄድ ነበር» የሚለው ላይ ስትደርስ ኒቆዲሞስ በሩ ወዳለበት አየ፤ የአባቱ ነጭ ጥምጥም ከአጥሩ ማዶ እየራቀ ነበር።

«አሁን እነግራቸዋለሁ!» አለ እየተንተባተበ። «አሁን ሮጬ እነግራቸዋለሁ፣ ፈርሂያ፣ አሁን!»

«አሁንማ ያውቃሉ» አለችው። «አሁን ብትናገር ምን ትከፍላለህ?»

የሻርፗን ጫፍ ፈታች። ደብዳቤዋን አውጥታ ትሪው ላይ፣ እጅ ያልነካው እንጀራ አጠገብ አስቀመጠችለት። ተንበርክኮ እያለቀሰ ስሟን ሲጠራ፣ ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ሲጠራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ሲጠራት፣ ዞር አላለችም።

ደንገሉ ሥር፣ ጠዋት የሳቀችበት ቦታ ሄዳ ተቀመጠች። ጉርሻው አሁንም እጇ ላይ ነበር። ጥሎ መሄድ ነውር ስለሆነ ራሷ ጎረሰችው። አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅማ ያወጣችለት ዓሣ ነው። ያም ሆኖ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ።